ሃይማኖትን በሶሲዮሎጂ ለማጥናት የቱን እይታ ልምረጥ? የስድስት አማራጮች ንጽጽር

ስለ ሃይማኖት ማኅበራዊ ሚና ሊጽፍ የተነሣ ሰው የሚቸገረው በንድፈ ሐሳብ እጦት ሳይሆን በብዛቱ ነው። ዱርካይም ሃይማኖት ሰውን ያስተሳስራል ይላል፤ ማርክስ የተጨቆነውን ያስታግሳል፤ ዌበር ደግሞ ኢኮኖሚን እንኳ ሊለውጥ ይችላል። ሦስቱም በእጃቸው ማስረጃ አላቸው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የሚሸሸው ሁሉንም ምዕራፍ ሁለት ላይ በመደርደር ነው። ምዕራፍ አራት ላይ መረጃው ሲተነተን ግን ከተደረደሩት አንዱም ብቅ አይልም፤ የፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄም “ታዲያ ለምን አመጣሃቸው?” ይሆናል።

ከታች ያለው ንጽጽር አንዱን፣ ቢበዛ ሁለቱን ይዞ እስከ መጨረሻው ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው። የግል እምነት እዚህ መመዘኛ አይደለም። ዱርካይም የረቢ ልጅ ሆኖ ከእምነቱ የወጣ ሰው ነበር፤ ፒተር በርገር ደግሞ ሉተራን ክርስቲያን ነበር። ሁለቱም ግን በሥራቸው ውስጥ ፈጣሪ መኖር አለመኖሩን አልዳኙም። ሶሲዮሎጂ የሚለካው ሰዎች በእምነታቸው ስም ምን እንደሚያደርጉና ከዚያ ምን እንደሚከተል ነው። ጽሑፍዎ ይህን ድንበር ካለፈ የትኛውም እይታ አያድነውም።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

አምስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው የጥያቄው ደረጃ ነው። የሚጠየቀው ስለ አንድ ግለሰብ ውሳኔ ነው፣ ስለ አንድ ጉባኤ ነው ወይስ ስለ መላው ኅብረተሰብ? ስለ ግለሰብ ተጠይቆ ስለ አገር የሚመልስ ጽሑፍ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ብያኔ ነው። ሃይማኖትን “በመናፍስት ወይም ከሰው በላይ በሆነ ኃይል ማመን” ብለው ከበየኑ (ኤድዋርድ ታይለር በ1871 “በመናፍስት ማመን” ብሎ በይኖታል፤ በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚቆጥሩት ጠባብና ግልጽ ይሆናል። “ሰዎችን በቅዱስ ነገር ዙሪያ የሚያስተሳስር ሁሉ” ካሉ ግን የባንዲራ ሥነ ሥርዓትም የእግር ኳስ ደጋፊነትም ሊገቡ ይችላሉ። ምርጫው ውጤቱን ይወስናል፤ በጠባቡ ብያኔ “ሃይማኖት ቀነሰ” የሚል ድምዳሜ የሰጠ መረጃ፣ በሰፊው ብያኔ “ቅርጹን ቀየረ” ሊል ይችላል።

ሦስተኛው የሚያስፈልገው መረጃና የሚጠይቀው ጉልበት ነው፤ አራተኛው እይታው ሊረታ መቻሉ፤ አምስተኛው ዕውር ቦታው፣ ማለትም በተፈጥሮው ሊያየው የማይችለው ነገር። ከአምስቱ ተማሪዎች የሚዘሉት አራተኛውን ነው፤ ዋጋውን የሚያስከፍለውም እሱ ነው። “ምን ባገኝ ተሳስቻለሁ እላለሁ?” ለሚለው መልስ ከሌለ ጥናቱ ገና ከመጀመሩ ያለቀ ነው።

ንጽጽሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ጉዳይ እንያዝ። አዲስ የፋብሪካ ከተማ አለ እንበል፤ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሠራተኞች በብዛት ወደ አንድ አዲስ የሃይማኖት ማኅበር እየገቡ ነው። ለምን? ምንስ ያስከትላል?

1. ፈንክሽናሊዝም

ይህ እይታ ሃይማኖት ለኅብረተሰቡ ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ ይጠይቃል። ኤሚል ዱርካይም በ1912 ባሳተመው ጥናት የተነሣው ከማዕከላዊ አውስትራሊያ ሕዝቦች፣ በተለይ ከአሩንታ ነበር። መሠረቱ ነገሮችን ቅዱስና ተራ ብሎ መክፈል ነው። በአዘቦት ቀን ተበታትነው የሚያድኑ ሰዎች ለሥርዓቱ ሲሰበሰቡ ከየብቻቸው የማይገኝ የጋራ ግለት ይፈጠራል፤ ያ ግለት ቶተም በሚባለው የጎሣው መለያ ምልክት (ብዙ ጊዜ እንስሳ ወይም ተክል) ላይ ያርፋል። በዱርካይም አባባል ሰዎቹ ምልክቱን ሲያከብሩ የሚያከብሩት የራሳቸውን አንድነት ነው።

ለተግባር ሥራ ከዚህ የሚወሰደው ግልጽ ነው፦ ከትምህርተ ሃይማኖቱ ይልቅ ሥርዓቱን ይመልከቱ። ማን ይመጣል? በሳምንት ስንት ጊዜ? አብረው ምን ያደርጋሉ፤ ይዘምራሉ፣ ይበላሉ፣ ይጾማሉ? የቀረ ሰው ምን ይባላል? በፋብሪካው ከተማ ጉዳይ የዚህ እይታ ጥያቄ “ዘመድ የሌለው ወጣት በማኅበሩ ውስጥ የዘመድ ምትክ አግኝቷል ወይ?” ነው። አለካኩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። “አንድነት ይሰማዎታል?” የሚል መጠይቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም አዎ ይላል። ባለፉት 3 ወራት ስንት ጊዜ ታሞ ተጠየቀ፣ ከማን ገንዘብ ተበደረ፣ ሥራ ሲፈታ ማን ቤት አደረ ብለው ይቁጠሩ። ከዚያ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚሰበሰበውን ቡድን አንድ ጊዜ ብቻ ከሚሰበሰበው ጋር ያነጻጽሩ። አዘውትሮ በሚሰበሰበው ውስጥ መረዳዳቱ ካልበለጠ መላምቱ ወድቋል።

ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ ለዚህ ቤተሰብ የጨመረው ንጽጽር እስካሁን ለጥናት ንድፍ አርአያ ነው። በትሮብሪያንድ ደሴቶች ሰዎች በረጋው የባሕር ወሽመጥ ዓሣ ሲያጠምዱ አስማታዊ ሥርዓት አይፈጽሙም፤ አደጋና እርግጠኛ አለመሆን ባለበት ክፍት ባሕር ላይ ግን ይፈጽማሉ። ያው ሕዝብ፣ ያው ሙያ፤ የተለየው አደጋው ብቻ ነው። ሮበርት ቤላ ደግሞ በ1967 የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን የበዓለ ሲመት ንግግሮች አንብቦ እግዚአብሔር ሲጠራ ክርስቶስ እንደማይጠራ አስተዋለ፤ ከቤተ እምነቶች ሁሉ በላይ የቆመ “ሲቪል ሃይማኖት” አለ አለ። ባብዛኛው ንግግሮችን በማንበብ የተሠራ ነው፤ በጀት የሌለው ሰው ልብ ይበል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፦ ሃይማኖት የሚኖረው ስለሚያስፈልግ ነው፣ ማስፈለጉም የሚታወቀው በመኖሩ ነው። ሁለተኛ፣ ሮበርት መርተን እንዳመለከተው ውስጡን የሚያስተሳስረው ነገር ከውጭ ካሉት ጋር ሊያቆራርጥ ይችላል፤ ብዙ እምነት ባለበት ኅብረተሰብ “ሃይማኖት ያስተባብራል” ማለት ግማሽ ወሬ ነው። ሦስተኛ፣ ዱርካይም አውስትራሊያን አላያትም፤ የሠራው ባብዛኛው የመስክ ተመራማሪዎቹ ስፔንሰርና ጊለን በሰበሰቡት ላይ ነው፤ ከአንድ አካባቢ ተነሥቶም ስለ ሃይማኖት ሁሉ ደምድሟል።

2. የግጭት እይታ

ይህ እይታ ሃይማኖት በኃይልና በጥቅም ትግል ውስጥ ማንን እንደሚጠቅም ይጠይቃል። ማርክስ በ1844 ሃይማኖትን የሕዝብ ኦፒየም (ማፍዘዣ) ያለበትን አንቀጽ ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን “ኦፒየም” የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ሃይማኖት የእውነተኛ ስቃይ መግለጫና በዚያ ስቃይ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ ተብሏል። ይህን ግማሽ የጣለ ጽሑፍ ማርክስን ሃይማኖትን በማፍዘዣነት ብቻ እንደከሰሰ ሰው ያቀርበዋል፤ እይታውንም ያደኸየዋል። የማርክስ የሥራ ባልደረባ ኤንግልስ በ1850 ስለ 1525ቱ የጀርመን ገበሬዎች አመፅ ሲጽፍ ቶማስ ሙንትዘርን የመሰለ ሰባኪ የአመፁ ድምፅ መሆኑን አሳይቷል። ጣሊያናዊው ማርክሳዊ ግራምሺ ደግሞ የገዢው መደብ ሐሳብ በፈቃድ እንዲያዝ የሚያደርገውን ሄጀሞኒ የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ሰጥቷል፤ የተበዳዩ ወገን የራሱ አሳቢዎች ካሉት ይህ የበላይነት ሊሰበር ይችላል።

ከዚህ ቤተሰብ ለመቅዳት የሚገባው ሥራ የድዋይት ቢሊንግስ የ1990 ጥናት ነው። በ1920ዎቹና 30ዎቹ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የፕሮቴስታንት እምነታቸው ይቀራረባል፤ ቆፋሪዎቹ ግን ተደራጅተው ታገሉ፣ የጨርቃ ጨርቆቹ ባብዛኛው ዝም አሉ። ልዩነቱ የተገኘው ከትምህርተ ሃይማኖት ሳይሆን ከአደረጃጀት ነው፦ ቆፋሪዎቹ ከመካከላቸው የወጡ ሰባኪዎችና ከኩባንያው ነፃ የሆነ መሰብሰቢያ ነበራቸው፤ የጨርቃ ጨርቆቹ ቤተ ክርስቲያን በኩባንያው እጅ ነበር።

ስለዚህ በፋብሪካው ከተማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ገንዘብና ስለ ሹመት ነው። መሬቱ የማን ነው? አዳራሹን ማን ሠራው? ሰባኪውን ማን ይሾማል፣ ደመወዙንስ ማን ይከፍላል? ስለ ደመወዝ ክርክር መድረኩ ላይ ምን ተባለ? እንቅፋቱ መዳረሻ ነው፤ የገንዘብ ሰነድ በቀላሉ አይገኝም። ሰነዱ ከተከለከለ የስብከት ቅጂዎችን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችንና ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የይዞታ መዛግብትን ይዘው ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ በቂ ናቸው።

ትልቁ ወጥመድ “የተሳሳተ ንቃተ ኅሊና” (ተጨቋኙ የራሱን ጥቅም አያውቅም የሚለው ሐሳብ) ነው። ምእመኑ ቢቃወም የመደብ ትግል፣ ባይቃወም መታለል ከተባለ ምንም ግኝት እይታውን ሊረታው አይችልም። የላቲን አሜሪካ ጳጳሳት በ1968 በኮሎምቢያ ሜደሊን ባደረጉት ጉባኤ ለድሆች ሲወግኑ፣ የኤል ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮም በመጋቢት 1980 በመሠዊያ ላይ ሲገደሉ “ሃይማኖት የገዢው መሣሪያ ነው” የሚለው የድሮ ቀመር እንደማይበቃ ታይቷል።

ፌሚኒስት ንባብ ያው የኃይል ጥያቄ በጾታ ላይ ሲነሣ ነው፦ ማን ይሰብካል፣ ማን ያበስላል፣ የማን አካል ይደነገጋል። እዚህ ሳባ ማሕሙድ በ2005 ያሳተመችውን የካይሮ መስጊዶች የሴቶች እንቅስቃሴ ጥናት ሳያገናዝቡ መጻፍ አደገኛ ነው። እነዚያ ሴቶች ትሕትናንና ታዛዥነትን ራሳቸው የሚሠሩት ሥራ አድርገው ይይዙታል፤ ነፃነትን “እምቢ ማለት” ብቻ አድርጎ የሚለካ መጠይቅ እነሱን አይመዘግባቸውም።

3. የዌበር የትርጉም እይታ

ማክስ ዌበር በ1904 እና 1905 ያቀረበው ክርክር እንዲህ ይሄዳል። ካልቪናዊው (የጆን ካልቪንን ትምህርት የሚከተለው ፕሮቴስታንት) ማን እንደሚድን ከጥንት ተወስኗል ብሎ ያምናል፤ መዳኑን ግን ማወቅ አይችልም። ከዚህ ጭንቀት የተነሣ በጥሪው፣ ማለትም እግዚአብሔር ሰጠኝ በሚለው ሥራ፣ ጸንቶ መሥራትን የመመረጥ ምልክት አድርጎ ያየዋል፤ ቅንጦት ደግሞ ስለተከለከለ ትርፉ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ዌበር ፕሮቴስታንትነት ካፒታሊዝምን ፈጠረ አላለም፤ ያለው ሁለቱ ተሳሳቡ ነው። ይህን ልዩነት የሳተ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል።

እይታው የሚጠይቀው የአማኙን ትርጉም ከውስጥ መረዳት ነው፤ ለፋብሪካው ከተማ “ወጣቱ ሥራን፣ ገንዘብንና ጊዜን ከገባ በኋላ በምን ዓይን ያያቸዋል?” ይሆናል። ቃለ መጠይቅ፣ ስብከትና ማስታወሻ ደብተር ዋና መረጃዎቹ ናቸው። ግን የአንድ ቡድን ትርጉም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ዌበር ራሱ ወደ ቻይናና ሕንድ ሃይማኖቶች የሄደው ለንጽጽር ነው።

በጣም የሚደጋገመው ብልሽት “የዚህ እምነት ተከታዮች ሀብታም ናቸው፤ እንግዲያው እምነታቸው ነው ያበለጸጋቸው” ማለት ነው። ቤከርና ቮስማን በ2009 የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፕሩሲያን አውራጃዎች መርምረው የፕሮቴስታንት አካባቢዎችን ብልጫ ባብዛኛው የሚያብራራው ማንበብና መጻፍ መሆኑን አሳይተዋል፤ ሉተር ሕዝቡ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ይፈልግ ነበርና። ስለዚህ የሥራ ትጋትን ከእምነት ጋር ከማያያዝዎ በፊት ትምህርትን፣ የትውልድ ቦታንና የስደት ጊዜን ይለኩ።

ጊዜ ለሌለው ሰው ከዌበር ሊወሰድ የሚችል ትንሽና ስለታም መሣሪያ አለ፦ ካሪዝማ (መሪው ልዩ ጸጋ አለው ተብሎ ስለታመነ የሚያገኘው ሥልጣን) እና የካሪዝማ ወደ ሥርዓት መለወጥ። መሥራቹ ሲሞት ወይም ሲያረጅ ማን ይተካል? በምልክት ተፈልጎ፣ በመሥራቹ ተሰይሞ፣ በተከታዮች ተመርጦ ወይስ በዘር? ደመወዝ፣ ማኅተምና ደንብ መቼ ገቡ? ይህን በአንድ ማኅበር ላይ ብቻ መሥራት ይቻላል።

4. የዓለማዊነት ንድፈ ሐሳብ

ብራያን ዊልሰን በ1966፣ በርገር በ1967 ዘመናዊነት ሲስፋፋ ሃይማኖት ማኅበራዊ ክብደቱን ያጣል አሉ። በርገር በ1999 ሐሳቡን ቀየረ፤ ዓለም ከጥቂት አካባቢዎች በቀር እንደ ድሮው ሃይማኖተኛ ናት አለ። ዛሬ ይህን እይታ የሚይዝ ሰው ከሆሴ ካዛኖቫ የ1994 ክፍፍል ውጭ መሥራት የለበትም፦ የተቋማት መለያየት፣ የእምነትና የሥርዓት መቀነስ፣ ወደ ግል ሕይወት መገፋት። ሦስቱ አብረው መምጣት የለባቸውም፤ የትኛውን እንደሚለኩ አንዱን ይጥቀሱ። ኖሪስና ኢንግልሃርት በ2004 ደግሞ ሃይማኖት የሚዳከመው ሰዎች ኑሯቸው አስተማማኝ ሲሆን ነው ብለዋል። በእኛ ከተማ ይህ በቀጥታ ይፈተናል፤ ቋሚ ቅጥር ያላቸውን ከቀን ሠራተኞች ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለት የመለኪያ ወጥመዶች አሉ። ወጣቶች ከአረጋውያን ያነሰ ቢጸልዩ “ሃይማኖት እየቀነሰ ነው” ማለት አይደለም፤ ሲያረጁ ሊጨምሩ ይችላሉ። የአንድ ጊዜ ጥናት የዕድሜን ውጤት ከትውልድ ውጤት አይለይም። ሌላው ራስን የማሳመር መልስ ነው፦ ሃዳዌይ፣ ማርለርና ቼቭስ በ1993 በአሜሪካ በቦታው የተቆጠረውን ተሰብሳቢ ሰዎች ከሚናገሩት ጋር ሲያነጻጽሩ ትክክለኛው ቁጥር ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በር ላይ ቆሞ መቁጠር ርካሽ ነው፤ ይቁጠሩ።

5. የሃይማኖት ገበያ እይታ

ስታርክ፣ ቤይንብሪጅ፣ ፊንክና ያናኮኔ የመሩት ይህ ወገን ችግሩን ከፈላጊው ወደ አቅራቢው ያዞረዋል፦ ተቋማት ሲወዳደሩ ተሳትፎ ይጨምራል። ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ደካማ ነው። ጠንካራው ያናኮኔ በ1994 ያብራራው ነው፤ ብዙ የሚጠይቁ ማኅበራት ሳይለፉ መጠቀም የሚሹትን ስለሚያጠሩ የቀሩት አባላት እርስ በርስ ብዙ ይሰጣሉ። ደካማው “ብዝኃነት ተሳትፎን ይጨምራል” የሚለው ነው፤ ቮስ፣ ኦልሰንና ክሮኬት በ2002 እንዳሳዩት የቀድሞዎቹ ጥናቶች በብዝኃነትና በተሳትፎ መካከል ያገኙት ዝምድና በከፊል ከስሌቱ የተወለደ ነበር፤ የብዝኃነት መለኪያውና የተሳትፎ መጠኑ ከአንድ ቁጥር ስለሚሠሩ። ማኅበሩ ከአባላቱ ስንት ሰዓትና ስንት እጅ ገቢ እንደሚጠይቅ መመዝገብ ያዋጣል፤ የብዝኃነት ቀመር ግን ባይነኩት ይሻላል።

6. የኑሮ ሃይማኖት

መሬዲት ማክጓየርና ናንሲ አመርማን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ተቋሙን ትተው ሰው ቤት ይገባሉ፦ ምን ይጸለያል፣ ግድግዳው ላይ ምን ተሰቅሏል፣ ሲያመው ወዴት ይኬዳል። ብዙ ቀን አብሮ መዋል ይጠይቃል። ድክመቱ ሁሉም ነገር ሃይማኖት ወደ መሆን ማዘንበሉና ከጥቂት ሰዎች ወደ ብዙኃን መሻገር አለመቻሉ ነው።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| እይታ | የሚመልሰው ጥያቄ | ዋና መረጃ | የሚፈልገው ጉልበት | ምን ያፈርሰዋል? |
|---|---|---|---|---|
| ፈንክሽናሊዝም | ምን ያስተሳስራል? | የሥርዓት ምልከታ፣ የመረዳዳት ቆጠራ | ዝቅተኛ | አዘውትሮ የሚሰበሰብ ቡድን ይበልጥ ካልተረዳዳ |
| ግጭት | ማንን ይጠቅማል? | ይዞታ፣ ሹመት፣ ስብከት | መካከለኛ | የተቋሙ ባለቤት ማንም ቢሆን አቋሙ ካልተለወጠ |
| ዌበር | እምነቱ ምግባርን እንዴት ይቀርጻል? | ቃለ መጠይቅ፣ ጽሑፎች፣ ንጽጽር | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ልዩነቱን ትምህርት ወይም ስደት ካብራራው |
| ዓለማዊነት | ክብደቱ ቀነሰ ወይ? | የረጅም ጊዜ ቁጥር | ከፍተኛ | ዋስትና ጨምሮ ተሳትፎ ካልቀነሰ |
| ገበያ | ለምን ይህን ማኅበር? | የአባልነት ወጪና ተሳትፎ | መካከለኛ | ብዙ የሚጠይቀው ማኅበር አባላቱ ብዙ ካልሰጡ |
| የኑሮ ሃይማኖት | በየዕለቱ እንዴት ይኖራል? | አብሮ መዋል | በጊዜ ከፍተኛ | ለማፍረስ አስቸጋሪ ነው |

ለማን የቱ?

*አንድ ወር ላለውና ብቻውን ለሚሠራ።* ፈንክሽናሊዝም ወይም የካሪዝማ ጥያቄ። አንድ ማኅበር፣ ከ6 እስከ 8 ምልከታ፣ አንድ ወጥ የምልከታ ቅጽ።

*ለሁለተኛ ዲግሪ፣ ከ4 እስከ 6 ወር።* የግጭት እይታ በቢሊንግስ ንድፍ፦ እምነታቸው የሚመሳሰል፣ አደረጃጀታቸው የሚለይ ሁለት ማኅበራት። ተመሳሳይነት ባለው ቡድን ውስጥ አዲስ ጭብጥ ብዙ ጊዜ በ12ኛው ቃለ መጠይቅ አካባቢ ይደርቃል፤ ለሁለት ማኅበር 24 ያቅዱ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ 24 ሰዓት ቅጂ ማለት ከ96 እስከ 144 ሰዓት የጽሕፈት ሥራ ነው። የጊዜ ሰሌዳ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

*የመጠይቅ በጀት ላለው ቡድን።* ዓለማዊነት ወይም ገበያ። በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 ነጥብ የስሕተት ህዳግ ለአንድ ትልቅ ሕዝብ 385 በዕጣ የተመረጡ መላሾች ያስፈልጋሉ። ሁለት ቡድኖችን ለየብቻ በዚያው ልክ ለመግለጽ ደግሞ ለእያንዳንዱ 385 ነው፤ 385ቱን ለሁለት ከፍሎ ያንኑ ትክክለኛነት መጠበቅ አይቻልም። ከአምልኮ ቦታ በር ላይ የተሰበሰበ ናሙና ስለማይመጡት ሰዎች ምንም አይናገርም።

*በሃይማኖት መሪዎች በኩል ለሚሠራ ፕሮጀክት።* ፈንክሽናሊዝምን ብቻ አይያዙ። መልእክቱ በጉባኤው ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ያሳያል፤ ከጉባኤው የተገለሉትን ግን አያሳይም። የግጭት እይታን ሁለት ጥያቄ ይጨምሩበት፦ እዚህ ማን አይገባም? ማን ገብቶ አይናገርም?

*በእምነቶች መካከል ስላለ ግጭት ለሚጽፍ።* የግጭት እይታን ወይም ዌበርን ይያዙ። “ሃይማኖት አንድነት ነው” ብሎ የሚነሣ ንድፍ ጥያቄውን ሳይጠይቅ ይመልሰዋል።

ሁለት ለማዋሐድ ካሰቡ መጀመሪያ ብያኔያቸውን ያስታርቁ። ግጭትና ዌበር ይስማማሉ፤ አንዱ ጥቅምን፣ ሌላው ትርጉምን ያያል። ገበያና ዱርካይም ግን አይጣጣሙም፦ ገበያ ከሚመርጥ ግለሰብ ይነሣል፣ ለዱርካይም ደግሞ መራጩን የሚቀርጸው ኅብረተሰቡ ነው። አንድ ጽሑፍ ላይ ካስቀመጧቸው ትንተናው ያንኑ መልስ በአንዱ ገጽ ምክንያት፣ በሌላው ውጤት ያደርገዋል።

ፕሮፖዛል ከማስገባትዎ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ይጻፉ፦ ጥያቄው፣ የሃይማኖት ብያኔው፣ መረጃው፣ ጥናቱን የሚረታው ግኝት። ከዚያ ሦስት የሙከራ ቃለ መጠይቅ ያድርጉ። መላሾቹ እይታዎ የሚፈልገውን ነገር በራሳቸው አንደበት አንዴ እንኳ ካላነሱት፣ ለምሳሌ ስለ ባለቤትነት ጠይቀው ሁሉም ስለ ሕመምና ፈውስ ካወሩ፣ እይታውን ያኔውኑ ይለውጡ፤ 24ኛው ላይ ደርሶ መለወጥ 100 ሰዓት የሚያህል የጽሕፈት ሥራን መና ያስቀራል።